ከጀልዴሳ ሆኖ ታሪክ መማር



ዛሬ የምናገረው ታሪክን በዩኒቨርሲቲ ደረጃ በርቀት ስለ መማር ነው። ቤትንና ከብትን ሳይተዉ፣ ሥራንም ሳያቋርጡ መማር ማለት ነው። ጉዳዩ ለድሬዳዋ ወይም ለአዲስ አበባ አዳራሽ የሚስማማ ይመስላል። ጀልዴሳ ላይ ሲነሣ ግን «ፕሮፌሰር በሌለበት፣ ትልቅ ቤተ መጻሕፍት በሌለበት ምን ዓይነት የታሪክ ተማሪ ይወጣል?» የሚል አይጠፋም። የጥያቄው ግማሽ ትክክል ነው። ሌላው ግማሽ ግን ታሪክ የሚገኘው በመጽሐፍ መደርደሪያ ላይ ብቻ ነው ከሚል አሳብ የመጣ ነውና እሱን መሞገት እፈልጋለሁ።

በመጀመሪያ የምንቀመጥበትን መሬት እንወቅ። ድሬዳዋ የምትባል ከተማ ከመቆርቆሯ በፊት ከዘይላ ወደብ ተነሥቶ ሐረር የሚገባው ነጋዴ፣ መልእክተኛና ወታደር በአብዛኛው የሚያልፈው በጀልዴሳ ነበር። ቆላው የሚያልቀው፣ ወደ ሐረር ደጋ የሚወስደው ዳገት የሚጀምረው እዚህ ነው። ከባሕር ዳርቻ ጭነት ይዞ የመጣው ግመል እዚህ ይራገፍና ዕቃው በሌላ አጓጓዥ ወደ ላይ ይወጣ ነበር። ቀረጥ የሚከፈለውም እዚሁ ነበር። በ1868 ዓ.ም. ግብጾች በራኡፍ ፓሻ መሪነት ሐረርን ይዘው ጀልዴሳ ላይ ጦር ያስቀመጡት ያለ ምክንያት አይደለም። ግብጾች በ1877 ዓ.ም. ለቅቀው ሲወጡ ሐረር በአሚር አብዱላሂ እጅ ገባች። በሚያዝያ 1878 ዓ.ም. ከዘይላ ወደ ሐረር ይጓዝ የነበረው የኢጣሊያው የፖሮ ጓድ ያለቀው በዚሁ በጀልዴሳ አካባቢ ነው። በቀጣዩ ዓመት የገና ሰሞን ምኒልክ አሚሩን ጨለንቆ ላይ ድል አድርገው ሐረርን ያዙ፤ ጀልዴሳም የአዲሱ መንግሥት የጠረፍ ኬላ ሆነች።

ከዚያ በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. የጅቡቲው ሐዲድ ዛሬ ድሬዳዋ ካለችበት ሜዳ ደረሰ። መሥመሩ በጀልዴሳ አላለፈም። የሲራራው ንግድ ወደ ባቡሩ ዞረ። መጻሕፍቱም ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ቦታ የሚሉት ብዙ የላቸውም፤ የባቡሩን ታሪክ ተከትለው ወደ ድሬዳዋ፣ ከዚያም ሐዲዱ በ1909 ዓ.ም. እስከ ገባባት እስከ አዲስ አበባ ይሄዳሉ።

ግመል የሚያከራየው ሰውስ ምን ሆነ? መንገደኛውን ተቀብሎ በጎሣው አገር በሰላም የሚያሳልፈው አባንስ ከባቡሩ በኋላ በምን ተዳደረ? ቀረጥ ቀራጩ ወዴት ተዛወረ? ለእነዚህ ጥያቄዎች የተዘጋጀ መልስ የያዘ ሞጁል የለም። የታሪክ ትምህርት የሚጀምረው ደግሞ እንዲህ ካለው ቦታ ነው።

ወደ ርቀት ትምህርቱ ልመለስ። ትምህርትን ከግቢ ውጪ መስጠት አዲስ ነገር አይደለም። የለንደን ዩኒቨርሲቲ ግቢው ያልገባ ሰው ፈተናውን አልፎ ዲግሪ እንዲያገኝ መፍቀድ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1858 ነው። የደቡብ አፍሪካው ዩኒሳ እ.ኤ.አ. ከ1946 ጀምሮ በደብዳቤ ሲያስተምር ኖሯል። ኔልሰን ማንዴላ የሕግ ዲግሪያቸውን ከዚሁ ተቋም እ.ኤ.አ. በ1989 ያገኙት እስረኛ ሳሉ ነው። በእኛም አገር በ1990ዎቹ ዓ.ም. አልፋንና ቅድስት ማርያምን የመሰሉ የግል ተቋማት ርቀት ትምህርትን አስፋፉ፤ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎችም በየበኩላቸው ገቡበት። አሠራሩን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ሞጁል ይመጣል፣ ይነበባል፤ አሳይመንት ተሠርቶ ይገባል፤ በቲቶሪያል ቀን ማስተባበሪያ ማዕከሉ ድረስ ተሄዶ ከመምህሩ ጋር ጥቂት ሰዓት ይገኛል፤ በመጨረሻም ፈተና አለ።

ለሒሳብ አያያዝ ይህ አሠራር ሊበቃ ይችላል። ለታሪክ አይበቃም። የታሪክ ሞጁል በባሕርዩ የሌሎች ሰዎች ሥራ ውጤት ነው፤ ሌላው ሰው ሰነድ አገላብጦ፣ ሽማግሌ ጠይቆ፣ ተከራክሮ የደረሰበትን መደምደሚያ አሳጥሮ ያቀርባል። ተማሪው መደምደሚያውን በቃሉ ይይዝና ፈተና ላይ ይመልሳል። ሰውየው እዚያ እንዴት እንደ ደረሰ፣ የቱ ላይ እንደ ተጠራጠረ፣ ምን ማስረጃ እንዳጣ አያይም። ግቢ ውስጥ ያለው ተማሪ ቢያንስ መምህሩ ሲከራከር ይሰማል፣ ከጓደኛው ጋር ይሟገታል። የርቀቱ ተማሪ ይህ ሁሉ ካልተተካለት አራትና አምስት ዓመት ደክሞ የሚያገኘው የዘመን ቅደም ተከተል ነው።

ይህን ችግር ቀድመው ያሰቡበት አሉ። የእንግሊዙ ኦፕን ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1969 ተመሥርቶ በ1971 የመጀመሪያዎቹን ተማሪዎች ሲቀበል የመጀመሪያው የታሪክ ፕሮፌሰር አርተር ማርዊክ ነበር። ተማሪዎቹ ቀን በሥራ ወይም በቤት ሲደክሙ ውለው ማታ የሚያነቡ ሰዎች ናቸው። ማርዊክ ለእነዚህ ሰዎች አስቀድሞ የነገሥታትን ዝርዝር ከመስጠት ይልቅ ምንጭን መመርመር ማስተማርን መረጠ። ምስክርነትንም በሁለት ከፍሎ ያያል። አንደኛው ጸሐፊው አውቆ፣ እንድናምንለት ፈልጎ የሚነግረን ነው። ሌላው ጸሐፊው ሳያስበው፣ ስለ ሌላ ነገር ሲያወራ የሚያመልጠው ነው። ብዙ ጊዜ ለታሪክ ሰው የሚጠቅመው ሁለተኛው ነው።

ይህን በጀልዴሳ ላይ እንሞክረው። ፈረንሳዊው አርተር ራምቦ ገጣሚነቱን ትቶ ሐረር ላይ ነጋዴ ሆኖ ኖሯል። በ1883 ዓ.ም. እግሩ ታመመና ራሱ ባሠራው ቃሬዛ ላይ ሆኖ በ16 ሰዎች ሸክም ከሐረር ወደ ዘይላ ተጓዘ። በጀልዴሳ በኩል ያለፈው መጋቢት ሲያልቅ ነው። በዚያ ሁሉ ሕመም ውስጥ ከየሰፈሩ የተነሣበትንና የደረሰበትን ሰዓት በማስታወሻው ጽፏል። እሱ ሊነግረን የፈለገው መከራውን ነው። እኛ ግን ከሰዓቶቹ ተነሥተን በዚያን ዘመን በእግር ከሰፈር ወደ ሰፈር ስንት ሰዓት ይወስድ እንደ ነበር እናውቃለን። ድንኳን የጫነው ግመል ኋላ ሲቀር ሰው ዝናብ ላይ እንዴት እንደሚያድርም እንማራለን። አንድ ቦታ ላይ ደግሞ ሲያወርዱት ጣሉኝ ብሎ ተሸካሚዎቹን 4 ጠገራ ብር ይቀጣቸዋል። አራት ሰው ለእያንዳንዱ 1 ብር። ስማቸውንም ጽፎታል። የእነዚያ ሰዎች ስም በጽሑፍ ተላልፎ እኛ ዘንድ የደረሰው ስለ ተቀጡ ነው። ራምቦ እነሱን ለታሪክ ላቆይ ብሎ አልጻፈም፤ ሒሳቡን ነው የጻፈው።

እንግሊዛዊው መኮንን ካውንት ግላይከን ደግሞ ከዐድዋ ድል በኋላ፣ በ1889 ዓ.ም. ወደ ምኒልክ ከተላከው የእንግሊዝ መልእክተኞች ጓድ ጋር ከዘይላ ተነሥቶ በዚህ አልፏል። መጽሐፉን በቀጣዩ ዓመት አሳተመ። ወታደር ነውና ዓይኑ ምሽግና ጦር መሣሪያ ላይ ነው፤ ይህ አውቆ የሚሰጠው ምስክርነት ነው፤ የሚጽፈውም ለአገሩ ሰው መሆኑን መርሳት የለብንም። ስለ ጭነት ከብት መለዋወጥ ሲያወራ ግን ሳያስበው ሌላ ነገር ይነግረናል። የቆላው አጓጓዥ ሥልጣን የት እንደሚያበቃ፣ የደጋው የት እንደሚጀምር እናያለን። ካርታ ላይ የማይታይ ድንበር ነው።

እንዲህ ያለውን መጽሐፍ ለማየት ዛሬ ለንደን መሄድ የለብንም። የግላይከን መጽሐፍም ሆነ የተጓዡ የሪቻርድ በርተን የሐረር ጉዞ መጽሐፍ የባለቤትነት ጊዜያቸው አልፎ ኢንተርኔት አርካይቭ ላይ በነፃ ተቀምጠዋል። ኔትወርክ ባለበት ቦታ ስልክ ላይ አውርዶ ኔትወርክ በሌለበት ማንበብ ይቻላል። አንድ ነገር ግን ላስጠንቅቅ። የዚህን ቦታ ስም አውሮፓውያኑ እንደ ሰሙት ነው የጻፉት። አንዱ ጊልዴሳ፣ አንዱ ጌልዴሳ፣ ሌላው ጃልዴሳ ይላል። በአንድ አጻጻፍ ብቻ ፈልጎ «የለም» ያለ ተማሪ ከሦስት መጽሐፍ ሁለቱ ያመልጡታል።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ችግር ዘመን ነው። የግብጽ ሰነድ በሒጅራ፣ የራምቦ ማስታወሻ በፈረንጅ፣ የቤተ መንግሥቱ ደብዳቤ በእኛ አቆጣጠር ይጻፋል። ፖሮ የሞተው በ1886 ነው ወይስ በ1878? ሁለቱም ነው። ሦስቱን አቆጣጠሮች አስማምቶ አንድ ዓመት ላይ የሆነውን በአንድ ገጽ መደርደር ለአንደኛ ዓመት ተማሪ እጅግ ጥሩ አሳይመንት ይመስለኛል። ከማንም ሊገለበጥ አይችልም፤ ደግሞም አንድ ቀን ሙሉ ያስቆጣል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። እስካሁን የጠቀስኳቸው ምስክሮች ሁሉ የውጭ ሰዎች ናቸው፤ ሁሉም ጥቂት ቀን አድረው ያለፉ ናቸው። እዚህ የኖረው ሰው ራሱ ስለ ራሱ የሚለው የት አለ? ያለው በቃል ነው። የሶማሌ ልጅ የአባቶቹን ስም እስከ ላይ ድረስ ሲቆጥር፣ አብቲርሲ ሲል፣ የያዘው የታሪክ ምንጭ ነው። የኢሳ ማኅበረሰብ የባህል ሕግ፣ ሄር ኢሴ፣ ሳይጻፍ በቃል ተላልፎ የኖረ ነው፤ በ2017 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ ኢትዮጵያ፣ ጅቡቲና ሶማሊያ በጋራ አስመዝግበውታል። የኦሮሞ ሽማግሌዎችም ስለ መንገዱና ስለ ውሃው የሚያወሩት ሌላ አለ። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ እንደሚባለው ይህን ለመሰብሰብ ከጀልዴሳ ተማሪ የሚቀድም የለም። ከአዲስ አበባ የሚመጣ ተመራማሪ አስተርጓሚ ይፈልጋል፣ አበል ይፈልጋል፣ ክረምትም ሲገባ ይመለሳል።

ሆኖም የአገር ልጅነት ብቻውን ምስክርነትን እውነት አያደርገውም። ስለ ግጦሽና ስለ ውሃ የሚነገር ታሪክ ብዙ ጊዜ የዛሬ ክርክር አለበት። «ከጥንት ጀምሮ የእኛ ነው» የሚል ቃል ስለ ጥንት የሚነግረንን ያህል ስለ ዛሬም ይነግረናል። ቤልጅጋዊው የታሪክ ሰው ያን ቫንሲና በመካከለኛው አፍሪካ ዓመታት ሠርቶ የቃል ትውፊትም እንደ ጽሑፍ ሰነድ ሊመረመር እንደሚችል አሳይቷል። ተናጋሪው ከማን ሰማ? ያ ሰውስ ከማን? ነገሩ እንዲህ ቢባል የሚጠቀመው ማነው? ሌላው ወገን ይህንኑ ቀን እንዴት ያወራዋል? አባቱን የሚጠይቅ ተማሪ እነዚህን ጥያቄዎች ለአባቱ ማቅረብ ይከብደዋል፤ እንደ ድፍረት ይቆጠርበታል። ስለዚህ ዘዴው መማር አለበት፤ በአክብሮት መጠየቅ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ከሌላው ጎሣ ሽማግሌ ዘንድ ሄዶ ያንኑ መጠየቅም ግዴታ ሊሆን ይገባል። አንድ ወገን ብቻ ጠይቆ የመጣ የመመረቂያ ጽሑፍ እኔ ብሆን አላሳልፈውም።

በዚህ ላይ የቋንቋ ነገር አለ። ምስክርነቱ የሚሰጠው በሶማልኛ ወይም በኦሮምኛ ነው። ተማሪውና መምህሩ የሚነጋገሩት ብዙ ጊዜ በአማርኛ ነው። ሞጁሉና የመመረቂያው ጽሑፍ ደግሞ በእንግሊዝኛ ነው። ሽማግሌው ያሉት ሁለት ጊዜ ተተርጉሞ ወረቀት ላይ ሲያርፍ ምን ያህሉ እንደሚቀር አስቡት። መፍትሔው ከባድ አይደለም፤ ቃሉን እንዳለ በስልክ መቅዳት፣ ተናጋሪውን አስፈቅዶ፣ ቀኑንና ቦታውን መዝግቦ ማስቀመጥ። ትርጉሙ ቢሳሳት እንኳ የኋላ ሰው ወደ ድምፁ ይመለሳል።

ይህ ሁሉ አዲስ ፈጠራ እንዳይመስላችሁ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ ትምህርት ክፍል ከ1960ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ ተመራቂዎች ወደ ተወለዱበት አገር እየተመለሱ፣ ሽማግሌ እየጠየቁ የመመረቂያ ጽሑፍ ያቀርቡ ነበር። ሃያ ዓመት ገደማ የሆናቸው ልጆች የጻፏቸው እነዚያ ወረቀቶች ዛሬ የትልልቅ ምሁራን መጻሕፍት የግርጌ ማስታወሻ ውስጥ ይገኛሉ፤ ቃላቸውን የሰጡት አዛውንት ካለፉ በኋላ ሌላ ምንጭ ያልተገኘላቸው ጉዳዮች አሉና። የግቢ ተማሪ በዕረፍት ጊዜው ብቻ ያደርገው የነበረውን የርቀት ተማሪ ዓመቱን ሙሉ ሊያደርገው ይችላል።

ታዲያ ለምን አልተደረገም? ምክንያቱ አንድ አይደለም። ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ የዩኒቨርሲቲ ቅበላ 70 በመቶው ለተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶው ለማኅበራዊ ሳይንስ እንዲሆን ሲወሰን ታሪክ ከተጎዱት አንዱ ነበር። በ2002 ዓ.ም. ክረምት ማብቂያ ላይ ደግሞ ርቀት ትምህርትን የሚያስቆም ውሳኔ ወጣ፤ ቆየት ብሎ ሲላላ የሕግና የመምህርነት ሥልጠና ለመንግሥት ተቋማት ብቻ ተለየ። ያ ውሳኔ በወቅቱ ብዙ ሰው አስቆጥቷል። የጥራት ሥጋቱ መሠረት እንደ ነበረው አምናለሁ፤ ሁሉን በአንድ ቀን መዝጋት ግን መፍትሔ አልነበረም። ለታሪክ ውጤቱ ከባድ ሆነ። ታሪክ የተማረ ሰው ዋና ሥራው ማስተማር ነው፤ የመምህርነት በር ከተዘጋ የግል ኮሌጅ ታሪክን ለማን ይሸጣል? በየግድግዳው የምናየው የርቀት ትምህርት ማስታወቂያ አካውንቲንግና ማኔጅመንት የሆነው በዚህ ነው። በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው አገር አቀፍ የመውጫ ፈተናም ምርጫ የሚከበብበት ስለሆነ ተማሪውን ወደ ሽምደዳ መልሶ ይገፋዋል። ፈተናው አያስፈልግም አልልም፤ ነገር ግን ምንጭ መመርመርን በሀ፣ በለ፣ በሐ መመዘን አስቸጋሪ ነው።

የመጨረሻው ምክንያት የሚያሳፍር ነው። በየከተማው በፎቶ ኮፒ ቤት በር ላይ «አሳይመንትና የመመረቂያ ጽሑፍ እንሠራለን» የሚል ወረቀት ይለጠፋል። የርቀት ትምህርት ስሙ የጠፋው በዚህ ነው። አሁን ደግሞ ገንዘብ እንኳ አያስፈልግም፤ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ስለ «ዐፄ ምኒልክ የውጭ ግንኙነት» አምስት ገጽ በደቂቃ ይጽፋል። ጥፋቱን በተማሪው ላይ ብቻ ማላከክ አይገባም። ከማንም ሊገዛ የሚችል ጥያቄ የሚሰጥ መምህር የተገዛ መልስ ሲመጣለት ሊደነቅ አይገባውም። «በአካባቢህ ያለን አንድ የድሮ የውሃ ጉድጓድ ታሪክ ከሁለት ወገን ጠይቀህ፣ ድምፁን ቀድተህ አምጣ» ቢባል ፎቶ ኮፒ ቤቱም ማሽኑም ጀልዴሳ መጥተው አይጠይቁለትም።

በዙሪያችን ያለውንም ማየት አለብን። በድሬዳዋና በሐረር መካከል ባለችው ሐርላ የኤክስተር ዩኒቨርሲቲው ቲሞቲ ኢንሶልና ባልደረቦቹ ከኢትዮጵያውያን ጋር ባደረጉት ቁፋሮ የ12ኛው ክፍለ ዘመን መስጊድ አግኝተዋል፤ ከሩቅ አገር የመጣ የብርጭቆ ዶቃና የሸክላ ዕቃ ስባሪም ወጥቷል። ይህ በእኛ አቆጣጠር በ2009 ዓ.ም. ለዓለም ተነገረ። ከባሕር ወደ ደጋ የሚሄደው ንግድ ከግብጾች በፊት ብዙ መቶ ዓመት እንደ ኖረ ይመሰክራል። ሐረር ላይ የሸሪፍ ሙዚየም አለ፤ አብዱላሂ ሸሪፍ የተባሉት የሐረር ሰው የጥንት የእጅ ጽሑፎችን፣ ገንዘብና ጌጣጌጥ ሰብስበው፣ የተጎዱትንም ጠግነው ያኖሩበት ቤት ነው። እኒህ ሰው ሥራውን የጀመሩት የዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆነው አይደለም። ድሬዳዋ ላይ የጥንቱ ባቡር ጣቢያ አለ። አንድ የቲቶሪያል ቀን በጠባብ ክፍል ውስጥ ሞጁል ከማንበብ ሐርላ ላይ ወይም ሸሪፍ ሙዚየም ውስጥ ቢውል ለተማሪው የተሻለ ይሆናል። ለማስተባበሪያ ማዕከሎቹ የማቀርበው ጥያቄ ይህ ነው፤ የትራንስፖርቱ ወጪ ከሞጁል ማሳተሚያው አይበልጥም ባይ ነኝ።

ለመማር ላሰባችሁ የምለው ትንሽ ነው። ከመመዝገባችሁ በፊት ተቋሙ ፈቃድ ያገኘው በየትኛው የትምህርት መስክና በየትኛው ማዕከል እንደሆነ ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን አጣሩ፤ አንድ ተቋም በአንድ መስክ ዕውቅና ስላገኘ በሁሉም አግኝቷል ማለት አይደለም። ዲግሪው በመምህርነት ሊያስቀጥር የሚችል መሆን አለመሆኑንም በጽሑፍ ጠይቁ። ሞጁሉ እስኪመጣ ደግሞ የባሕሩ ዘውዴን «የኢትዮጵያ ታሪክ ከ1847 እስከ 1966» አግኝታችሁ አንብቡ። በአማርኛ ስላለ ቋንቋው አያስቸግርም፤ እያነበባችሁም ጀልዴሳ የት ላይ ልትገባ ትችል እንደ ነበር በጠርዙ ላይ ምልክት አድርጉ።

የመመረቂያ ጽሑፍ ላይ ስትደርሱ አንድ ቅጂ ለዩኒቨርሲቲው፣ አንድ ቅጂ ከነድምፅ ቅጂው ለዚህ አካባቢ ትምህርት ቤት ይግባ። የሽማግሌዎቹ ልጆች አዲስ አበባ ድረስ ሄደው የአባታቸውን ቃል የሚፈልጉበት ምክንያት የለም። አሁን ጥያቄ ያላችሁ በሶማልኛም በኦሮምኛም ጠይቁ፤ አስተርጓሚዎች አሉን።